ስለ ሁለተኛው ወረቀት

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄዳችሁ ከነበረ በእጃችሁ የተሰጣችሁ የድምፅ መስጫ ወረቀት አንድ ብቻ እንዳልነበረ ታስታውሳላችሁ። አንደኛው አዲስ አበባ ለሚሰበሰበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት ነበር። ስለ አንደኛው ጆሯችን እስኪደነቁር ሰምተናል። ስለ ሁለተኛው ግን ማን ምን ነገረን? አብዛኞቻችን በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያየነውን ምልክት በሁለተኛውም ላይ ፈለግንና ደገምነው፤ አጥፈን ከተትነው፤ ወጣን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሰማዩም የሰኔ ሰማይ ነበር።

እስቲ በአላህ ራሳችሁን ጠይቁ። ከእናንተ ወረዳ ተመርጦ ባሕር ዳር የተቀመጠውን ሰው ስሙን ታውቁታላችሁ? በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አንድ ቀን መጥቶ «ምን ልናገርላችሁ?» ብሎ ጠይቋችኋል? በጎንደር ከተማ የሚኖር ነጋዴ የክፍለ ከተማውን ሥራ አስኪያጅ ስም ያውቃል፤ የግብር ሰብሳቢውንማ አይረሳውም። የደባርቅና የዳባት ገበሬም የቀበሌውን ሊቀ መንበር ከነአባቱ ይጠራዋል። ሕግ የሚያወጣለትን፣ በጀቱን የሚያጸድቅበትን፣ ፖሊሱንና ፍርድ ቤቱን የሚያደራጅበትን ሰው ግን አያውቀውም። ለምን?

ምርጫ ቦርድ ለ2018 ዓ.ም. የያዘው ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ እንደ ቀደሙት ሁሉ ይህን ሁለተኛ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እርሱ ብቻ ነው።

በመሠረቱ አገራችን የመረጠችው ሥርዓት ፓርላማዊ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሕዝብ መሪውን በቀጥታ አይመርጥም፤ መሪውን የሚመርጡትን ይመርጣል። ርእሰ መስተዳድር የሚባለው ሹም ስሙ በማናቸውም የምርጫ ጣቢያ ለርእሰ መስተዳድርነት ተጽፎ አያውቅም። የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው፤ ሲያሻውም የሚያነሣው ምክር ቤቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ የበላይ የሥልጣን አካል እንደሆነና ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ እንደሆነ ደንግጓል። ልብ በሉ! ተጠሪነቱ ለድርጅት ነው አላለም፤ ለሕዝብ ነው ያለው።

አሁን ይህን ድንጋጌ ይዛችሁ የኛን ክልል ታሪክ ተመልከቱ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. አቶ ገዱ አንዳርጋቸው ወረዱና ዶክተር አምባቸው መኮንን ተተኩ። ዶክተር አምባቸው በዚያው ዓመት ሰኔ 15 ቀን ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ። በሐምሌ አቶ ተመስገን ጥሩነህ መጡ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አቶ አገኘሁ ተሻገር ተተኩ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ዶክተር ይልቃል ከፋለ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አቶ አረጋ ከበደ። ከአምስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አምስት ርእሰ መስተዳድር! በነዚህ ዓመታት ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው አንድ ጊዜ ነው። የአንዱ መጥፋት የግድያ ነገር ነውና እርሱን እንተወው፤ አላህ የቀሩትን ያጽናና። የሌሎቹ መነሣትና መተካት ግን የምክር ቤት ሥራ ነው። ታዲያ የእናንተ ተወካይ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እጁን ሲያወጣ ለምን እንዳወጣ ነገራችሁ? «ይኸኛው ለምን ተነሣ? የሚመጣውስ ምን ያውቃል?» ብሎ ጠይቆ ነበር? ወይስ ስብሰባው ከመከፈቱ በፊት ሌላ ቦታ ያለቀ ነገር ለጭብጨባ ብቻ ነው የቀረበለት?

እዚህ ላይ የድርጅት ሰዎች ይነሡብኛል። «እኛ የምናቀርበው ፕሮግራም ነው፤ ሰውን አትቁጠሩ፣ ድርጅቱን ምረጡ» ይላሉ። ይህ አባባል ለሰሚው የበሰለ ይመስላል። ነገር ግን አስቡት! ሰውየው ምንም ካልሆነ፣ ድርጅቱ ብቻ ሁሉ ነገር ከሆነ፣ ምክር ቤት ለምን አስፈለገ? 294 ወንበር ለምን ተሠራ? አንድ ወንበር ሠርቶ የድርጅቱን ሊቀ መንበር ማስቀመጥ ይቀል ነበር፤ አበልም ይተርፍ ነበር። ሕጉ ግን ከየአካባቢው ሰው እንዲመጣ ያዘዘው የበየዳ ብርድና የመተማ ሙቀት፣ የጃናሞራ ድርቅና የጎንደር ከተማ የውኃ ጥማት በአንድ ሊቀ መንበር ራስ ውስጥ ስለማይገቡ ነው።

የውኃ ነገር ከተነሣ ትንሽ ልበል። ጎንደር ከተማ ውኃ የምትጠጣው በአብዛኛው ከአንገረብ ግድብ ነው፤ ያም ግድብ በደለል መሞላቱ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ተስፋ የተጣለበት መገጭ ደግሞ ከተጀመረ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ስንት ትውልድ በቢጫ ጀሪካን ወረፋ ላይ አደገ! ግድቡን የሚሠራው ፌዴራል መንግሥት ነው ተብሎ የክልሉ ተወካይ ሊያመልጥ አይገባም፤ የክልሉን መንግሥት አቁሞ «ለዚህች ከተማ ምን ጠየቅህላት? መቼ ጠየቅህ? ምን መለሱልህ?» የሚለው ሌላ ማን ነው? በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ድርቅ ገብቶ እንስሳው ሲያልቅ፣ ሰውም ቀየውን ትቶ ሲሰደድ፣ መንገዱም በጦርነት ሲዘጋ፣ ከነዚያ ወረዳዎች ተመረጡ የተባሉት ሰዎች በምክር ቤቱ ውስጥ ቆመው የተናገሩትን የሰማ ካለ ይንገረኝ። እኔ አልሰማሁም።

ይህ ሁሉ ግን ዛሬ ብዕር ያነሣሁበት ትልቁ ነገር አይደለም። ትልቁ ነገር ሁለተኛው ወረቀት ከምናስበው በላይ ሩቅ የሚሄድ መሆኑ ነው።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው እርሱ ነው። የማንነት ጥያቄ የሚያየው፣ ክልሎች በወሰን ተጣልተው በስምምነት መፍታት ሲያቅታቸውም በአንቀጽ 48 መሠረት የሕዝብ አሰፋፈርንና የሕዝብን ፍላጎት ተመልክቶ የሚወስነው እርሱ ነው። እንግዲህ የዚህን ምክር ቤት አባላት የሚመርጠው ማን ነው? የክልል ምክር ቤት! አንቀጽ 61 ሁለት መንገድ ሰጥቷል፤ የክልል ምክር ቤቶች አባላቱን ራሳቸው ሊመርጡ ይችላሉ፣ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ሊያደርጉ ይችላሉ። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ ሁለተኛውን መንገድ የተጠቀመ አንድም ክልል የለም። ሁሉም «እኛ እንበቃለን» ብለው ራሳቸው መርጠዋል። አቶ አገኘሁ ከርእሰ መስተዳድርነት በተነሡ ማግስት በ2014 ዓ.ም. የዚሁ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም ይህን ያነሣሁት፤ ከባሕር ዳሩ አዳራሽ ወደዚያኛው አዳራሽ ያለው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ እንድታዩት ነው።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. የወልቃይት የማንነት ጥያቄ ኮሚቴ አቤቱታውን ይዞ የሄደው ወደዚሁ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነበር። የተሰጠው መልስ «መጀመሪያ የትግራይን ክልል ጠይቁ» የሚል ነበር። ሐምሌ 5 ቀን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ በተደረገው ሙከራ በጎንደር ከተማ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰው ሞተ። ሐምሌ 24 ቀን የከተማው ሕዝብ፣ ከገጠሩም የመጣው ጭምር፣ አደባባዩን ሞላው። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ እስከ መስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ድረስ ያለውን፣ እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሰልፉ ከመውጣቱ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ይኸው ሕዝብ ምርጫ አድርጎ ነበር። በዚያ ምርጫ ብአዴን የክልሉን 294 ወንበር በሙሉ፣ አንድ ሳያስቀር ወሰደ ተባለ። 294 ከ294! ሕዝቡ እንዲህ አንድ ልብ ሆኖ ከመረጠ በዓመቱ አደባባይ ያ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? ከ294ቱ አንዱ እንኳ ያን ጥያቄ በምክር ቤቱ ውስጥ ቢያነሣው፣ የፌዴሬሽኑን ምክር ቤት ተወካዮች ጠርቶ «ምን እየሠራችሁ ነው?» ቢል፣ ያ ደም ባልፈሰሰ ነበር ብዬ በእርግጠኝነት አልናገርም። ነገር ግን ጥያቄው ወንበር አጥቶ እንደነበር በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ወንበር ያጣ ጥያቄ ደግሞ መንገድ ላይ ይቆማል፤ መንገድ ላይ ደግሞ ጠመንጃ አለ። ወልቃይት የማን ነው የሚለውን እዚህ ልፈርድ አልተነሣሁም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ራሱ የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው ቦታዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታሉ ብሎ ወደዚያው አዳራሽ መልሶታል። ታዲያ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በስማችሁ የሚቀመጠውን ሰው የሚልክላችሁ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ምልክት ያደረጋችሁለት ሰው ነው።

ነገሩ ወደ ውጭ ብቻ የሚያይ እንዳይመስላችሁ። በዚያው በ2007 ዓ.ም. የክልሉ ምክር ቤት የቅማንት ሕዝብ በ42 ቀበሌዎች ራሱን እንዲያስተዳድር አጸደቀ። ቀበሌዎቹ አነሱ ያለ ነበር፤ በዙ ያለም ነበር። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በ8 ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ሰባቱ በነበሩበት እንቆይ አሉ። ነገሩ ግን በዚያ አልበረደም፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ጎረቤት ከጎረቤት ተጋደለ፣ ቤት ተቃጠለ። አንድ ድርጅት ብቻ በተቀመጠበት ምክር ቤት የተወሰነ ውሳኔ፣ ቅር ያለው ወገን «እኔም ተከራክሬ ነው የተሸነፍኩ» ሊልበት የማይችል ውሳኔ ነበር።

«የክልል ምርጫ ትንሽ ነገር ነው» ለሚሉ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ የተደረገውን ላስታውሳቸው። ያ የክልል ምክር ቤት ምርጫ ነበር። ፌዴሬሽን ምክር ቤት «ዋጋ የለውም» አለ፤ ሕወሓት «አለው» አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። የጦርነቱ ምክንያት ያ ብቻ ነው የሚል የለም። ነገር ግን ትንሽ ነገር አልነበረም። በሰላሙም በኩል ምሳሌ አለ፤ እንደኛው ፓርላማዊ ሥርዓት በምትከተለው በህንድ የምዕራብ ቤንጋል ግዛት ሕዝብ ለ34 ዓመት የገዛውን የግራ ግንባር በ2003 ዓ.ም. በግዛት ምክር ቤት ምርጫ አወረደው። ጥይት አልተኮሰም፤ ዴልሂን ፈቃድ አልጠየቀም። የግዛቱን ወረቀት ለብቻው አድርጎ አስቦበት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌሎቹ ልዙር። እነዚህ የድርጅት ሰዎች አይደሉም፤ የምናከብራቸው፣ አብረናቸው ሻይ የምንጠጣ ሰዎች ናቸው። «ተወው ባክህ፤ ምርጫው የይስሙላ ነው፤ ያለቀ ነገር ነው» ይላሉ። የሚሉት መሠረት የለውም አልልም፤ 294 ከ294 የሚለውን ቁጥር አሁን እኔው ጽፌዋለሁ። ግን እነርሱም የሚረሱት ሌላ ቁጥር አለ። በ1997 ዓ.ም. በዚሁ በኛ ክልል፣ በዚሁ ምክር ቤት፣ ቅንጅት 106 ወንበር አሸንፎ ነበር፤ ኢሕአዴግ 188። ከሦስት አንዱ ወንበር ማለት ነው! በግንቦት የነበረው ሰው «የይስሙላ ነው» ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ቁጥር ከየት ይመጣ ነበር? ከምርጫው በኋላ የተከተለው ግድያና እስራት ያን ውጤት አመከነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ገዥው ያን ያህል የደነገጠው ወረቀቱ ዋጋ ስለሌለው ነበርን? በባዶ ወረቀት ማን ይደነግጣል? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው፤ አጥራችን የተነቀነቀው እኛ ባለቤቶቹ ወረቀታችንን ንቀን ስለተውነው ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ በየሻይ ቤቱ ማማረር ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንድ እውነተኛ ችግር ግን አለ፤ አልሸፍነውም። ሕጋችን በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ሁሉን ይወስዳል የሚል ነው። በቁጥር አነስ ያለ፣ በየሰፈሩ የተበተነ ወገን በዚህ ስሌት ድምፁ ይቀልጣል። በ1999ኙ ቆጠራ ከጎንደር ከተማ 207,044 ነዋሪ ውስጥ ሙስሊሙ 11.8 በመቶ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በቀብር ላይ የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ሲያጠፋና ንብረት ሲያወድም፣ በማግስቱ የክልሉን ፖሊስና የፍትሕ ቢሮ ምክር ቤት ፊት አቁሞ «የት ነበራችሁ?» የሚል ተወካይ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ የክርስቲያኑም ነው፤ በአንድ ገበያ የሚነግዱ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ ሰዎች ጥያቄ ነው። ስለዚህ በቁጥር ያነስን ሁሉ ማድረግ የምንችለው አንድ ነገር ነው፦ ከማናቸውም ድርጅት የሚቀርበውን ዕጩ፣ የኛ ወገን ይሁን አይሁን፣ ድምፃችንን ከመስጠታችን በፊት አስቀምጦ መጠየቅ። የተወካይ ወንበር አማና ነው፤ አማናን ሳይጠይቁ ለማያውቁት ሰው አይሰጡም።

«በዚህ ጦርነት መካከል ምን ምርጫ አለ?» የምትሉ እንዳላችሁም አውቃለሁ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወዲህ ይህ ክልል ያየውን መከራ የማያውቅ የለም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መንገድ ተዘግቷል፤ ገበሬው በቀን ለአንዱ፣ በሌሊት ለሌላው ይጠየቃል። ምርጫ ሲደረግ ሰላም ይመጣል የሚሉትን አላምናቸውም። ሰው ወደ ጣቢያው ሲሄድ አንዱ «ለምን ሄድክ?» ብሎ የሚገድለው፣ ሲቀር ሌላው «ለምን ቀረህ?» ብሎ የሚያስረው ከሆነ ያ ምርጫ አይደለም፤ ምርጫ ተብሎ እንዲጠራም መፍቀድ የለብንም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያው አያገባንም» ማለትም አይገባም። ልንጠይቀው የሚገባ ግልጽ ነገር አለ። ምርጫ ቦርድ በየትኛው ወረዳ ድምፅ መስጠት እንደሚቻል፣ በየትኛው እንደማይቻል አስቀድሞ በስም ይናገር። የማይቻልበት ቦታ ወንበሩ ክፍት ይቆይ፤ በሌሉ ሰዎች ስም አይሞላ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ያልመረጡት ሶማሌና ሐረሪ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. መርጠዋል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝም በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ድምፅ የተሰጠባቸው ቦታዎች ነበሩ። ጠለምትና በየዳ ቢዘገዩ ሰማይ አይወድቅም። የጠለምት ሰው ሳይወጣ የጠለምት ወንበር ቢሞላ ግን በ2007 ዓ.ም. ያየነው መልሶ መጣ ማለት ነው፤ መጨረሻውንም በ2008 ዓ.ም. አይተነዋል።

እንግዲህ ዕጩው ወደ ሰፈራችሁ ይመጣል። በጎንደር ፒያሳ ይሁን በደባርቅ ገበያ፣ ባነር ይዞ፣ ድምፅ ማጉያ በመኪና ጭኖ ይመጣል። ስለ አገር አንድነትና ስለ ልማት ይነግራችኋል፤ ስሙት፣ አታቋርጡት። ሲጨርስ አንድ ሰው ከመካከላችሁ ይነሣ። ብትመረጥ ርእሰ መስተዳድሩ በዓመቱ ሲቀየር ለምን ብለህ ትጠይቃለህ ወይስ ታጨበጭባለህ ይበለው። ምክር ቤቱ ባሕር ዳር በተሰበሰበ ቁጥር ተመልሰህ የተናገርከውንና እጅህን ያወጣህበትን በዚሁ ቦታ ትነግረናለህ ይበለው። በአንቀጽ 12 አመኔታ ያጣንበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደምንችል ታውቃለህ ወይ ይበለው። በመጨረሻም፣ ይህን ሳይመልስ እንዳይሄድ፦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወኪሎቻችንን እናንተ በአዳራሽ ከምትመርጡልን አንቀጽ 61 እንደሚፈቅደው እኛው በድምፃችን እንድንመርጣቸው ሐሳብ ታቀርባለህ ወይስ አታቀርብም? አዎ ወይም አይደለም ብሎ ይመልስ፤ መልሱንም ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉት።